በመብራት ቢል ጀርባ

ዕቅዱን የጻፍኩት በመብራት ቢል ጀርባ፣
ሹራሞ ባጃጁን አቁሞ ሲገባ።
ፊቱ ዕዳ ነው፣ ጀርባው ባዶ ሜዳ፤
ተራራ ሣልኩበት፣ ረግረግ፣ ሸንኮራ አገዳ።

ታኅሣሥ አሥራ ስምንት፣ ከሌሊቱ አሥር፣
ከወሻ መነሣት። ባትሪ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ክር።
"ክሩ ለምንድን ነው?" አለኝ ሹራሞ።
"ጫማ ቢላቀቅስ?" ዝም አለ ደግሞ።

ጎህ ሳይቀድ በፊት አባሮ ጫፍ መድረስ፣
ፀሐይ ሐይቁን ስትነካ እኛ ዳቦ ስንቆርስ።
ከዚያ ቁልቁል ነው። "ጉልበት የሚፈርደው
ዳገቱ አይደለም፣ ቁልቁለት ነው የሚያርደው"
ይላል ሹራሞ። አባቱ ቆጮ ተሸክሞ
ሲወርድበት ነው ያደገው፣ ገበያ ሊደርስ ቀድሞ።

የስልኬ ካርታ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ይላል።
ይስቃል ሹራሞ፦ "ካርታ ጭቃ መች ያውቃል?
የጨለለቃን ረግረግ ስልክሽ በምን ለክቶ?
እዚያ አህያ ቀርቷል፣ ከነሸክሙ ሰምጦ።"
ሃያ አምስቱን ሰርዤ ሠላሳ ጻፍኩበት።
እሱ ዝም ሲል ደግሞ፣ ሁለት ጨመርኩበት።

ፍል ውሃውን ማለፍ፤ እግር መንከር የለም፣
የሞቀው እግር አንዴ ከተቀመጠ አይቆምም።
ቀጥሎ ጫት ማሳ፤ ውሻው ክፉ ነው፣ ዱላ።
ከዚያ አክስቱ ቃባቶ፤ ማንም አያልፋትም ሳይበላ።
ግማሽ ሰዓት ያዝኩላት።
"አክስቴን አታውቂያትም፣ ሁለት ሰዓት ጻፊላት።"
"ቡርሳሜዋ ቅቤ ነው፣ እኔ ጾመኛ ነኝ!"
"እሱን አንቺ ንገሪያት፣ እኔን ታባርረኝ?"

ሳምንቱን ታቦርን ወጣን፣ ለልምምድ፣ ማታ ማታ፤
ሩጫ የሚሠሩ ልጆች ያዙን ለጨዋታ።
"አይዞሽ እማማ" አለኝ አንዱ፤ አርባ ሦስት ነው ዓመቴ!
ከዋርካው ላይ አባ ኮዳ ገላመጠኝ፣ እንደ አማቴ።

ሁለት ዓመት ሆነው፤ ጉልበቴ ውስጥ ብረት፣
ሪፈራል አልጋ ላይ፣ ጣሪያ ስቆጥር ሌሊት፣
"ገብርኤል ሆይ" አልኩት፣ "ካቆምከኝ በእግሬ፣
በእግሬ እመጣለሁ፣ በተራራው ዞሬ።"
ጥላ አልተሳልኩም፣ ሻማም አላበዛሁ፤
የሰጠኝን እግር አምጥቼ ላሳየው፣ ያንን ቃል ገባሁ።

ሹራሞ ንግሥ አያውቅም፤ ቤተሰቡ ጴንጤ ነው።
"ስለቱ ያንቺ፣" አለኝ፣ "ቁልቁለቱ የኔ ነው።
ደጁ ድረስ እንጂ አልዘልቅም ወደ ውስጥ፤
ጫማሽን እጠብቃለሁ፣ ካጥሩ ሥር ልቀመጥ።"

ያን ቀን፣ በዚያ ዝናብ፣ አረብ ሰፈር መታጠፊያው ጋ፣
የተገለበጠው ባጃጅ ጎማው ሲሽከረከር ወደ ላይ፣ ባዶ ሲንጋጋ፣
መሪውን የያዘው እጅ የማን እንደነበር
እኔም አላነሣም፣ እሱም አይናገር።

ብቻ እስክሪብቶዬን ወስዶ ነጥብ ያደርጋል፦
"እዚህ ኮረኮንች አለ፣ ባጃጅ ይገባል።
እዚህም ይገባል፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት፤
እዚህም፣ ጥቁር ውሃ፣ ከድልድዩ ወዲህ ጥቂት።
ወንድሜ ይጠብቃል፣ ስልኩን አይዘጋም።
ምናልባት ብዬ ነው… አይደለም፣ አያቅትሽም።"

ሰባት ነጥብ ቆጠርኩ።
ሲወጣ ጠብቄ ስድስቱን ሰረዝኩ።
የወፍጮ ቤቱን ግን አልሰረዝኩበት፤
ለጉልበቴ አይደለም። እሱ ይረፍበት።

ስንቅ፦ ቆሎ፣ ውሃ፣ ለውሃ ቋጠሮ መርፌ፣
ነጠላ፤ አቧራ እንዳይነካው በፌስታል አጣጥፌ።
የመድረሻ ሰዓት፦
እሱን አልሞላሁት።

የባጃጁ ድምፅ ከሰፈሩ ሲርቅ
ወረቀቱን ገለበጥኩ፣ ዓይኔ አልቻለም ሊደብቅ፤
የመክፈያ የመጨረሻ ቀን፦ ታኅሣሥ አሥራ ስምንት።
ሳቄ አመለጠኝ፣ ብቻዬን፣ በሌሊት።

ነገ ጠዋት እከፍላለሁ፣ ከሰልፉ ፊት ቆሜ።
ወረቀቱን ግን አልሰጥም፤ የቆጣሪውን ቁጥር
መዳፌ ላይ ጽፌ ልሂድ፣ በዚህ በደካማ ቀለሜ።