የአልጋ ሂሳብ

ናታንያ፣ ከባሕሩ ፊት፣ ስድስተኛው ፎቅ ላይ፣
አሥራ አራት ክፍል አለኝ፣ እስኪበረታ ፀሐይ።
አንሶላ እገፍፋለሁ፣ አንሶላ እወጥራለሁ፣
የማላውቀው ሰው ያለመውን በመስኮት አራግፋለሁ።
ከፈረንሳይ የመጣ ጸጉር፣ ከሩሲያ የመጣ ጸጉር፣
ከማጠቢያው አፍ እለቅማለሁ፤ በጸጉሩ ነው የማውቀው ያንን ሁሉ አገር።

አባቴ ስም ሲያወጣልኝ ዙፋን አስቦ ነበረ፤
«ያልጋነሽ» አለኝ። ስሙ ግን በሰሙ በኩል ሰመረ፤
ወርቁን የት እንደጣልነው ማንም አልመረመረ።

«ሃምሳ አምስት ዓመት ሞላሽ» አለች ሞሪያ ልጄ፣
ሰንበት እንደወጣ፣ ስልኳን እያኖረች ከእጄ፤
«አንድ ጊዜ እንኳ፣ እማ፣ ሌላ ሰው ባነጠፈው
ተኝተሽ ተነሺ።»
በረራውማ የጫማ ዋጋ ነው፤ ማደሪያው ነው ኪስ የገፈፈው።

ሮማ፣ ሌሊቱ መቶ ዘጠና፣ መስኮቱ የሚያየው ግድግዳ፤
ፓሪስ፣ ስምንት አልጋ ባንድ ክፍል፣ ከላይም ከታችም እንግዳ።
አምስተርዳም ጀልባ ላይ ነው፤ እኔ ዋና አልችልም።
ቪየና «ቁርስ ጨምሮ» ይላል፤ «ኮሸር ነው?» ብንል መልስ የለም።

ፎቶ እኔን አያሞኝም፤ ሃያ ዓመት ኖሬበታለሁ፦
ፎጣ ዳክዬ ሆኖ ሲታጠፍ፣ ከሥሩ ያለውን አውቃለሁ፤
አበባ ያለ ቦታው ሲቀመጥ፣ ሲጋራ ያቃጠለውን አያለሁ።

ፕራግ ሠላሳ ስምንት ብሎን፣ ልንጨርስ ስንል፣ ከግርጌ
«የጽዳት» ብሎ ስድሳ ጨመረ፤ አየሁት፣ የገዛ ማዕረጌ
በዩሮ ተጽፎ። ስድሳ! የማን እጅ ይሆን የሚቀበለው?
ለኔ ላንድ ክፍል የሚደርሰኝ የአውቶቡስ መሳፈሪያ ነው።

ፈረደ፣ ባሌ፣ ከወጥ ቤት፦ «ለመተኛት ነው ይሄ ሁሉ?
ይሄው እዚህ መሽካንታ አለ፣ ሠላሳ ዓመት ነው ውሉ!»

አባቴ ቀጥቃጭ ነበረ፤ ማረሻ ጭኖ ገበያ
ሲወርድ ይመሽበታል። «የመሸብኝ ነኝ፣ ማደሪያ»
ላለ ሁሉ፣ ባገሩ ደንብ፣ «ቤት የእግዜር ነው» ነው መልሱ፤
ቀጥቃጭ ሲሆን ጠያቂው፣ ከቤት የለም እግዜር ራሱ።
አባቴም ሕግ ነበረው፣ ከሰው ማዕድ የማይቀምስ፤
ዋርካ ሥር ያድር ነበረ፣ ጋቢው በጤዛ እስኪርስ።
ዋርካ የከተማ ግብር አይልም፣ ደረሰኝም አይጽፍ።

በመጨረሻ ቡዳፔስት፤ ከጫማ ጠጋኝ ቤት በላይ፣
አርባ አንድ፤ ዳክዬ የለ፣ አበባ የለ፤ አልጋ ብቻ የሚታይ።
የአንሶላውን ጥግ፣ ጠጋ ብዬ፣ አሰፋሁት በጣቴ፦
እንደ ፖስታ የታጠፈ፣ ልክ እንደኔ አጠፋፍ፣ በሞቴ!
ከሥሩ አንድ መስመር አለ፤ ሞሪያ አነበበችልኝ፦
«አንሶላውን የማጥበው እኔ ነኝ።»
«አራት ሌሊት» አልኳት፣ «አሁኑኑ ያዢልኝ።»
ስም የሚል ቦታ መጣ። ፓስፖርቴ «ያኤል» ይላል፤
«ያልጋነሽ» ብላ ብትጽፍ፣ ከመታወቂያው ይጣላል።
ተይው አልኳት።

በማግስቱ እሁድ፣ ስድስት መቶ አሥራ አንድን ስከፍተው፣
እንግዳዋ ሄዳለች፤ አልጋውን ራሷ ናት ያነጠፈችው።
ጥጉ ጎበጥ ብሏል፤ ያልለመደ እጅ ነው።
በሩን ገፋ አድርጌ ዘጋሁ፣
ጠርዙ ላይ ተቀመጥኩ፣ ክልክል ነው፣
ባሕሩን እያየሁ፣
ያንድ ደቂቃ አዳር፣
በነጻ።

ከዚያ ገፈፍኩት።