ሦስት ክንድ ከወሰን ወዲያ

ከደብረ ብርሃን የሚነሣው ወሬ
ጣርማበር አፋፍ ላይ ይቆማል እንደ በሬ፣
ገደሉን ስላየ ሣሩን ትቶ ሊቀር፤
ደብረ ሲና ላለን የሚደርሰን ነገር
የሚታመስ ቆሎ፣ የወንፊት ሹክሹክታ፣
አንድ ሙሉ ቃል ካገኘን እሱም ሐሙስ ማታ።

ሠላሳ ዓመት ወፍጮ ጆሮዬን ፈጭቶታል፤
ለቀረችው ግማሽ ንጹሕ ድምፅ ያሻታል።

ባለሱቁ አጎናፍር አቧራ አራገፈ፣
የዓሣ አጥንት መሳይ ብረት ወደኔ አሳለፈ፦
«ባለ አሥራ ሁለት ክንፍ፣ ከዱባይ የመጣ፣
ከጉድጓድ ውስጥ ድምፅን ጎትቶ የሚያወጣ።»
ዋጋውን ነገረኝ።
ለዋጋ ጊዜማ ጆሮዬ ደኅና ነው።

ራዲዮ ጠጋኟ፣ የእማዋይሽ ልጅ፦
«ለክንፉ አይክፈሉ፣ ለልኩ ነው እንጂ፤
ሰባ አምስት ሳንቲ ወደ ግራ ይቁረጡ፣
ሰባ አምስት ሳንቲ በቀኝ ያስቀምጡ፤
መሐሉን ለኬብሉ፣ ጫፉን ለነፋሱ፣
የቀረውን ከፍታ ይጨርሰው እሱ።
አደራ፣ ኬብሉ ከመስኮት ሳይደርስ
ሆድ አውጥቶ ይርገብ፣ ጠብታው እዚያው ይፍሰስ፤
ውሃ መንገድ ካገኘ ቤት ድረስ ነው ጣጣው።»

እንዲያ ነው፣ ልጄ። እኔና ወንድይፍራው
አራት ዓመት ሆነን ሰላምታ ከነሣን፣
የኔ ጣሪያ ጠፈጠፍ
የእሱን ጭቃ በልቶ።

ሽቦው በሸንበቆ፣ ራዲዮው በብብቴ፣
ዞርኩት ዙሪያ ጥምጥም ደጄን ከነቤቴ።
ከጓሮም ቆሎ ነው። ከጣሪያም ቆሎ ነው።
ከቆጡ ሥር ደግሞ የማላውቀው ቋንቋ ነው።
አጥሩ ጥግ ላይ ቆሜ እጄን ባሻግረው
ሰው ተናገረ፤ ጥርት ያለ ሰው።
መልሼ ሳመጣው ቆሎ። ሳሻግረው ሰው።
ሦስት ክንድ ከወሰን ወዲያ፣
ከወንድይፍራው ጎመን በላይ።

ሦስት ቀን ሌላ ቦታ እንዲገኝ ፈለግሁ፤
በአራተኛው ጧት በሩን አንኳኳሁ።
ወንድይፍራው ወጣ ጉንጩ ዳቦ ሞልቶ፣
«ምን ፈለግክ?» አለኝ ሰላምታውን ትቶ።
«ከሰማይህ» አልኩት፣ «ዘንግ የምተክልበት።»
ቀና ብሎ አየው፣ ግብር ያልከፈለበት፤
«ሰማዩስ የኔ አይደል፤ ቱቦ ግን አለችኝ፣
ባለ ሁለት ኢንች፣ ከመስኖ የተረፈችኝ።»

እሱ ቱቦ ይዞ፣ እኔ ራዲዮ ታቅፌ፣
ደረቱን ወደ ጣቢያው፣ ለጣርማበር አሰልፌ፣
«አሁንስ?»
«ቆሎ!»
«አሁንስ?»
«ቆሎ ነው!»
ክንዱ ዛለበትና ቱቦው በእጁ ዞረ፣
ደረቱን ለወፍ ዋሻ ገደል ሰጥቶ ቀረ፤
ጫፉ ለጣርማበር።
ያን ጊዜ ሴትየዋ፣ ትንፋሿ ሳይቀር፣
የሞላሌን ገበያ ትዘረዝር ጀመር።
ለካ ወሬው ኖሯል ከላያችን ዘሎ
የወፍ ዋሻን ገደል መትቶ ሲመለስ ውሎ።

ብሎኑን አጠበቅን። የመብረቁን ሽቦ
ከአሮጌ ማረሻ አስረን ቀበርነው።
ኬብሉንም ልጅቷ እንዳለችው
ሆድ አስወጣሁት።
ሌሊቱን ዘነበ።

ጧት ወንድይፍራው ወጥቶ ኬብሉ ሥር ቆመ፣
ጠብታውን በመዳፉ ሲቀበል ከረመ፤
«ይኼም» አለ፣ «ወደኔ ነው የሚያንጠባጥበው።»
ዝም አልኩ።
«ባቄላስ» አለኝ ቆይቶ፣
«ዛሬ ስንት ገባ?»