ወንፊት ለኤፍ ኤስ አር

ከጎማ ቁጠባ ዝቅ ብሎ፣ ከብረት ሱቆቹ ጀርባ፣
ሙዘይን ኤፍ ኤስ አሩን በኋላ ማርሽ አስገባ።
«መተሐራ ላይ ፈላብኝ፤ ሞጆም ስደርስ ፈላብኝ፤
አምስት ጀሪካን ጠጥቶ፣ እንፋሎቱን ተፋብኝ።»
ረዳቱ ላምቤቦ ከጎን ዝም ብሎ ቆሟል፣
ክንዱን በነጠላ ቅዳጅ ጠምጥሟል፤
ክዳኑን በትኩሱ ከፍቶ፣
በፈላ ውኃ ተመትቶ።
የጥርስ ሳሙና ቀብቶታል ቁስሉን! ተቆጣሁ፤
ጤና ጣቢያ ሰድጄው፣ ወደ ሥራዬ መጣሁ።

ፍርግርጉን ፈታሁ።
ራዲያተር እጠብቅ ነበር፤ መቃብር አየሁ።

ይህች ቢራቢሮ ናት፤ ካዋሽ ድልድይ ወዲያ ማዶ፣
ክንፏ ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ በሙቀት ነዶ።
ይሄ አንበጣ የሚሌ ነው፤ እግሩን አጥፎ እንደያዘ፣
ሊዘል ሲያስብ፣ ሐሳቡ ላይ የፈዘዘ።
ይህች ጠጠር የገዋኔ ናት፤ አንድ ቱቦ ነድላለች፤
ሙዘይን ያጣውን ውኃ ሁሉ እሷ ታውቃለች።
ገለባ፣ የፌስታል ብጣሽ፣ የትንኝ ዱቄት፣ አቧራ፤
አንዲት ንብም አለች፤ አበባዋን እንዳዘለች፣ የሞተች በሥራ።
ይሄ ደግሞ የወፍ ላባ ነው፤ የምን ወፍ እንደሆነ አላወቅሁም፤
በጃንጥላ ሽቦ ስነቅለው፣ እንደ ሌላው አልቸኮልሁም።

ቅጠሉ ስስ ነው፤ ከጋዜጣ ወረቀት ይስሳል፤
ሰባ ኩንታል የሚጎትት ሞተር በዚህ በኩል ይተነፍሳል።

እኔ ከተማ አልወጣም፤ ለለቅሶ ቃሊቲ፣ ለሠርግ ሰበታ፤
መንገዱ ግን ራሱ ይመጣል፣ ተጣብቆ፣ ማታ ማታ።
መሬት አሸን ካፈላች፣ ሞተርም አብሮ ይፈላል፤
ክረምት መግባቱን ጣቴ ከክንፍ ላይ ያነባል።

«ካርቶን ልግጠምበት?» አለ።
«ካርቶን! ያ ጓደኛህ አልነበር ጆንያ አልብሶት ሞተር ያቃጠለ?
‹ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም› ይላሉ፤ እውነት ነው፤
ዝም ያለ ራዲያተር ግን ራሱን ቀቃይ ነው።»
«አጎበርስ?»
«እሱ ለወባ ነው፤ ያፍነዋል። ነፋስ ሳይገባ በምን ይተንፍስ?»

ቀዳዳውን በእርሳስ ደፈንሁ። ቀጥሎ ወንፊት ፍለጋ፦
የዱቄቱ ጠባብ ነው፤ የዶሮ ሽቦ ሰፊ፤
አንዱ ትንፋሽ ነጣቂ፣ አንዱ ጠላት አሳላፊ።
መሃለኛውን ልፈልግ ሶማሌ ተራን ዞርሁ፤
ከመዶሻ ጩኸት መሃል አንድ ክንድ ተኩል ገዛሁ።
ጠርዙን በጎማ ቁራጭ ሰፋሁት፣ ሽቦው እንዳይነክስ ቅጠሉን፤
አንድ ጣት ከፊቱ አርቄ፣ በአራት መንጠቆ ሰቀልሁ ሁሉን።
«ማታ ማታ አውርደህ አራግፈው፤
ራዲያተሩንም ስታጥብ፣ ከኋላ ወደ ፊት፣ በቀስታ፤ በግፊት አትግረፈው።»

ሄደ።

የተክለ ሃይማኖት ደወል፣ የአንዋር አዛን፣ የመኪና ጥሩምባ፤
ሳምንት አለፈ፣ ሁለት፣ አንድም ክንፍ ሳይገባ።
እጄን አየሁት፦ ምን ነበር የሠራሁ?
መኪና ጠገንሁ፣ ወይስ የገዛ መስኮቴን ዘጋሁ?

በሦስተኛው ላምቤቦ መጣ፤ ክንዱ ድኖ፣ ጠባሳው ሮዝ፣
ፌስታል አንጠልጥሎ፣ እንቁላል እንደሚያዝ።
«ሙዘይን ላከልህ፤ ከወንፊቱ ያራገፍነው ነው።»
ፈታሁት። ክንፍ፣ ክንፍ፣ ገለባ፤ ከሥሩ ጥንዚዛ፣ ያልሞተች! ምን ጉድ ነው?
እግሯን እያራገፈች ጣቴን እንደ ዳገት ወጣችው፤
ጫፉ ላይ ቆመች፤ ከተማውን አየችው።
ከዚያ ወዴት እንደበረረች አልታየኝም፤
የቀረችውን ሰማንያ ብር ግን፣ ሙዘይን አልላከልኝም።