እስከ ስድስት እርምጃ

ሻርጃ፣ ሮላ ማዶ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ፣
በሐዋላ ድርጅት ሌሊቱን ስጠብቅ፣
እዚህ ሰው ቋጠሮ ነው፣ ገንዘቡ ደግሞ ክር፤
ከማን ወደ ማን ሄዶ፣ ዞሮ የት እንደሚያድር
እሱን ነው የምጠይቅ።

የመጠየቂያው ቋንቋ መንገድ አትመራውም።
“ከዚህ ተነሥ” ትለዋለህ፣ “እዚያ ድረስ”፤
በየት በኩል እንደሚሄድ የራሱ ጉዳይ ነው።
አጭሩን ካልከው አጭሩን፣ ሁሉን ካልከው ሁሉን።
አንድ ሕግ አለው፦
ቋጠሮውን ሁለቴ ብታገኘው አይከፋም፣
በረገጥከው ክር ግን ተመልሰህ አታልፍም።

በመጀመሪያው ሳምንት ገደቡን ረስቼ
“ስንትም እርምጃ ይሁን” ብዬው ወጥቼ
ሻይ ይዤ ስመለስ ገና ይሄዳል፤
ሲነጋም ይሄዳል፤
ማራገቢያው ያቃስታል፣ መስኮቱን ያልበዋል።
አለቃዬ ናምቢያር ከኮከቧ ጎን “ስድስት” ጻፈ፤
“ከስድስት ሰው ወዲያ ዓለም ሁሉ ዘመድ ነው” ብሎኝ አለፈ።

ትናንት ሌሊት የፈለግኩት ክብ፤
ከአንዱ ወጥቶ ወደዚያው የሚመለስ ገንዘብ።
መመሪያው “የሚታጠብ” ይለዋል።
አሥራ ሁለት ስም መጣ፣ ቀይ በቀይ።
ሸምሲያ ከአጅማን፣ ትብለጽ ከአል ናህዳ፣ አያልነሽ…
በየወሩ አምስት አምስት መቶ ድርሃም
ወደ አንዲት ቋጠሮ፦ ወርቅያንሱ ተሰማ፣ የቤት ሠራተኛ።
ከእሷም ስድስት ሺህ ወደ አንዷ፤
በሚቀጥለው ወር ወደ ሌላዋ።

ብቻዬን ሳቅሁ። የእቁብ ዳኛችን ናት!
ማሽኑ ዙር ሲያይ ዱካ ይመስለዋል፣
ዳኛ ያላትን ሴት ተከሳሽ ያደርጋል።

ከዚያ ጠየቅኩት፦
“ከእኔ ተነሥ፣ እስከ ወርቅያንሱ፣ አጭሩን።”
አንድ ክር። አንድ እርምጃ።
አምና በአራተኛው ዙር የወጣልኝ ዕጣ፤
ይህን ቋንቋ የተማርኩበት ክፍያ ከዚያ ነው የመጣ።

ናምቢያር ሲገባ ነገርኩት። ዝም አለ። ቆይቶ
“ኦ፣ ኩሪ!” አለ፣ “እናቴ የቤታችንን ጣሪያ
ቆርቆሮ ያለበሰችው በእሱ ነው።”
ቅጹ ላይ ግን ለኩሪ ሣጥን የለውም፣
ለእቁብም የለውም።
ማክሰኞ የወርቅያንሱ ሂሳብ ታገደ።

ዓርብ፣ ሮላ፣ ሣሩ ላይ፣ ባንክ የለ፣ ስልክ የለ፤
አሥራ ሁለቱም በእጅ ከፈሉ።
በመሐረቧ ጫፍ ቋጠረችው፣
“ማን ነው የጠቆመን?” አለች፣ ቀና ሳትል።

ከእኔ እስከ እሷ አንድ እርምጃ ነበር።
አልተራመድኩትም።