በአንድ ግቢ ሦስት መዝገብ

ከጃንተከል ወረድ ብሎ፣ አስፋልቱ ሲታጠፍ፣
አንድ ግቢ አለ፣ ሦስት ሕንፃ የሚያቅፍ፤
በግራ ክሊኒክ፣ በቀኝ ብድርና ቁጠባ፣
መሐል ላይ የእኛው፣ ቀለሙ ያልደረቀ፣ ገና ሰው ያልገባ።

የኔ ሥራ ቅጽ መሙላት ነው።
"አረንጓዴ ሕንፃ" ለሚለው ምስክር ወረቀት
ነጥብ እለቅማለሁ፣ አንድ ባንድ፣ በትዕግሥት፤
ለፀሐይ ሰሌዳው ሁለት፣ ለዝናብ ጋኑ አንድ፣
ለወይራው ችግኝ ግማሽ፣ ያውም ሥር ቢሰድ።

ዛሬ ገጽ አሥራ ሰባት ደረስኩ፦ የብስክሌት ማቆሚያ።
"ከመቶ ተገልጋይ ለአምስቱ።
ከዋናው በር ከሠላሳ ሜትር ያልራቀ።
ግቢው የጋራ ከሆነ፣ የእያንዳንዱ ሕንፃ ድርሻ ይለይ።"

ይለይ!
የውኃ ቆጣሪ እንኳ አልተለየ፣ በየወሩ ያጣላናል፤
የቆሻሻ ገንዳው የማን እንደሆነ፣ ውሻው ብቻ ያውቀዋል።

አጥሩ ሥር ስምንት ቀለበት ብረት አለ፣ አስማረ የበየደው።
ያን ጊዜ ጭምብሉን ገለጥ አድርጎ እንዲህ ያለኝ ትዝ ይለኛል፦
"በግንቡ ቅጥር የፈረስ ጋጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?
ሰዎቹ ፈረስ ነበራቸውና ጋጥ ሠሩለት፤
እናንተ ጋጡን ሠርታችሁ፣ ፈረስ ጠፋለት።"

ክሊኒኩ "ስምንት" ብሎ ጽፏል፣ አምና፣ ለፈቃዱ።
ቁጠባ ማኅበሩም "ስምንት"፣ ያንኑ ስምንት፣ በየመንገዱ።
አለቃዬም ብዕር አቀበለኝ፦ "ስምንት በይ፣ አትፍሪ፣
ብረት አይጮህም፣ ሦስቴ ብትቆጥሪ።"

ሃያ አራት ሆኑ፣ በወረቀት።
በመሬት ስምንት።
በስምንቱ ላይ የዘበኛው የአቶ ደረበ ካፖርት፣
የባጃጅ ጎማ፣ የታጠበ መጋረጃ፣ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት።

ብስክሌትስ?
ብስክሌት አንዲት ናት፤ የእንየው፣ የላቦራቶሪው ልጅ፤
ከአዘዞ ይነሣል፣ ጤዛው ሳይለቅ ከደጅ።
እስከ ማራኪ ይጋልባታል፤ ከዚያ ዳገቱ ሲበረታ
ወርዶ ይገፋታል፣ እንደታመመች በቅሎ እያባበለ፣ በዝግታ።
ባጃጆቹ ጥሩንባ እየነፉ፦ "ማን ማንን ነው የጫነው?"
እሱ መልስ አይሰጥም፤ ትንፋሹን ለቀጣዩ ጠመዝማዛ ነው የሚቆጥበው።

"እንየው፣" አልኩት፣ "ማቆሚያው ያውልህ።
ለምን ከጓሮ፣ ከቧንቧው ታስራታለህ?"
ሳቀ።
"ዘበኛው 'ብረቱ የአዲሱ ሕንፃ ነው፣ አንተ የክሊኒክ ነህ' አለኝ፤
'የክሊኒኩስ የቱ ነው?' ብለው፣ 'ያው እሱ ነዋ' አለኝ።
የሁሉም የሆነ ብረት፣ ለአንዱ ለኔ ጠፋብኝ።"

ሜትሬን ይዤ ወጣሁ። ካፊያ ጀምሯል።
ላካፍለው ሞከርኩ፦ ስምንት ለሦስት።
ሁለት ሁለት ቢደርሰን፣ ሁለት ተርፎ ያጣላል፤
ደግሞ ብናካፍለውስ፣ እንየው የት ያስራታል?

ገጽ አሥራ ሰባትን እንዲህ ብዬ ሞላሁ፦
ብዛት፦ አንድ።
ዓይነት፦ የውኃ ቧንቧ፣ ከክሊኒኩ ጀርባ።
ርቀት፦ ከጓሮው በር ዘጠኝ ሜትር፤ ከዋናው አልለካሁም፣ በዚያ አይገባም።
ተጠቃሚ፦ አንድ፣ በክረምትም በበጋም።
አስተያየት፦ ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ ሰንሰለቱን አዝጎታል፤
ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ፣ ከውኃ ቁጠባ፣ ግማሽ ነጥብ ይቀነስ።

አለቃዬ አነበበው። መነጽሩን አወለቀ።
"ይሄን ነው አዲስ አበባ የምልከው?" ብሎ ጠየቀ።
"ላከው" አልኩት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም።
አልላከውም፣ አልቀደደውምም።
መሳቢያ ውስጥ ከተተው፣ ከሻይ ደረሰኞች ጋራ።

በመስኮቱ አየሁ፦ ካፊያው አባርቷል፤
አቶ ደረበ ካፖርቱን ከሦስተኛው ቀለበት አነሣ፣
ደስ አለኝ፣
ገልብጦ መልሶ አሰጣው፣
ሌላኛው ጎን እንዲደርቅ።