ውሃ አጣጭ

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣
ሹፈን ውሃ ስታፈላ፣ እኔ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ።
ቀይ አበባ የታተመባቸው ሁለት ፔርሙዞች ነበሯት፤
አንዱ ለሌሊት ጥማችን፣ አንዱ ለማለዳ ሙቀት።
ራስ ምታት ቢሏት ሙቅ ውሃ፣ ሆድ ቁርጠት ቢሏት ሙቅ ውሃ፣
ልጃችን ርቆ የሄደ ለት፣ ያጽናናችኝ በሙቅ ውሃ።
“እሳት ያየው ውሃ አይገድልም” ትላለች፤ እናቷም ትል ነበር፤
ኮሌራ በገባ ዘመን፣ ያፈሉት ናቸው የተረፉት ከሰፈር።

በግንቦት መጨረሻ፣ ነፋስ እግሩ ታስሮ ሲውል፣
ታይሁ ሐይቅ ረጋ፤ ወፈረ፤ ቀለም የተደፋበት እስኪመስል።
መጀመሪያ ስስ ሽፋን፣ ቀጥሎ የአተር ገንፎ፣
ኋላ መቅዘፊያ የሚይዝ ቆዳ፣ ዳር እስከ ዳር ተነጥፎ።
የጎረቤታችን የዌይሚን ዳክዬዎች፣ ማለዳ ወጥተው ቀሩ፤
በደጉ ጊዜ ቢሆን “የውሃ ሽታ ሆኑ” ይባል ነበር በሰፈሩ፤
አሁን ውሃው ራሱ ሸተተ፤ አባባሉ ከሰረ፤
የከረመ ጎመን፣ የገማ እንቁላል፣ በጣሳችን አደረ።

ሹፈን አሸተተች፤ ፊቷን አላዞረችም፤ ጣደችው።
አንዴ አፈላችው። አሸተተች። መልሳ አፈላችው።
ሦስተኛ ጣደች፤ ማንቆርቆሪያው እየጎደለ፣
እንፋሎቱ በመስኮት ወጥቶ፣ ወደ ሐይቁ እያጋደለ።
እንደ ልማዷ ፉት ብላ፣ ሙቀቱን በከንፈሯ ለካች፤
“እንካ” ብላ ብርጭቆውን፣ በሁለት እጇ ሰጠች።
ጠጣሁ።

በማግሥቱ ከውሃው ቤተ ሙከራ፣ ሩዪ የምትባል ልጅ መጣች፤
ጓንቷ ከእጇ ይሰፋል፤ በድምፅ ማጉያው እየተንተባተበች፣
“አትጠጡ” አለች። “አታፍሉም።”
ሹፈን ወደ እኔ አላየችም፤ እኔም ወደ እሷ አላየሁም።
“ይህ እንደ ተሐዋሲ አይደለም፣ እሳት ሲነካው የሚሞት፤
አልጌው ሲሞት ነው የሚብስ፤ ሆዱ ሲፈነዳ መርዝ አለበት።
ስታፈሉት ውሃው ይተናል፤ መርዙ ግን የትም አይሄድ፤
ግርጌ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል፣ ይበልጥ እንደጠነከረ፣ ከምድጃው ላይ እስኪወርድ።”
“ምን ይነካል?” አላት አንድ ሰው።
“ጉበት” አለች፤ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳው።

አረንጓዴን እኔ አውቀዋለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ቀለም ቤት ሠርቻለሁ፤
ለሐር የሚሆን አረንጓዴ፣ እስከ ክርኔ በጥብጫለሁ።
ሌሊት፣ ተቆጣጣሪው ሲተኛ፣ የቦዩን በር የምከፍት እኔ ነበርሁ፤
“ሐይቁ ሰፊ ነው” ይሉናል፤ ደመወዜን ቆጥሬ አመንሁ።
ቀለሙ ብቻም አይደል፤ ከላይ የአሳማው እርባታ፣
ከሩዙ ማሳ ማዳበሪያ፣ ከየቤታችን የሳሙና አረፋ ማታ ማታ።
ሁላችንም አጎረስነው፤ አንድም እጅ አልነበረም የነጣ፤
ሐይቁን ረሀብ አልነካውም፤ ጥጋብ ነው ያመጣው ጣጣ።

የታሸገ ውሃ ከሱቅ አልቆ፣ ሰልፈኛው ባዶ እጁን ሲገባ፣
ሹፈን ፔርሙዞቿን ይዛ ወጣች፤ ደፋቻቸው ከነአበባ፤
መሬቱ እንፋሎት ተነፈሰ።
“ስንት ጠጣህ?” አለችኝ፤ ድምጿ አነሰ።
“ፉት ነው ያልኩት።” ብርጭቆዬን ራሷ ናት ያነሳችው፣ ባዶውን።
“አንቺስ?” “እኔማ ቀመስኩ እንጂ።” ያ ሁሉ ውሃ የት እንደገባ፣ አልጠየቅኋትም ይኸውን።

ውሃ አጣጭ ይሉት ቃል አለ፤ በሠርግ ቀን ሰምተን የምንስቅበት፤
ለካ ቃል ያረጃል እንጂ አይሞትም፤ ዕዳውን ሲጠራው የሚነሳበት
አንድ ሌሊት አለው።

መብራቱ ጠፋ። ሹፈን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች፤
ትንፋሿን እየመጠነች፣ የተኛች መስላለች።
እጇ ከቀኝ ጎኗ ነው፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር፤ እያዳመጠች።
ዝም አልኳት።
የእኔም እጅ እዚያው ነበረች።