የደቻቱ ጦቢያ

ፍየል የማይቀምሳት፣ ግመል ዞሮ የሚያልፋት፣
ደቻቱ አሸዋ ላይ ጎርፍ ሳይነቅል የተዋት፣
ስሟን ካገር ተውሳ አገር ያልቆጠራት፣
ጦቢያ የምንላት አረም፣ ሶማሌው «ቦዕ» የሚላት፤
ወተቷ ዓይን ያጠፋል ተብሎ እየተፈራ
ፍሬዋን በጠጠር መትተን ስንሮጥ በጋራ፣
ነጭ ሐር የመሰለ ይቦን ነበር ላፍታ።
ከዚያ እንረሳታለን። ይመሻል። እራት። እንቅልፍ። ጸጥታ።

ወርቅያንሹ ግን አልረሳቻትም።

ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል፣ ሌሊት ፈረቃ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ከጥጥ ብናኝ ጋር ስትነቃ፣
የተበጠሰ ክር በሁለት ጣት ይዛ
ሳታይ የምትቀጥል፣ እንደ ቀልድ፣ እንደ ዋዛ።
እኔ መካኒኳ፦ ዘይት በክንዴ፣ ጥጥ በቅንድቤ፣
ማሽን ቆመ ስትል የምደርስ ከነመፍቻዬ፣ ከነረኃቤ።
ዛሬ እሷ ጡረታ፤ እኔ ታይዋን ገበያ
ቦንዳ እፈታለሁ፦ የማላውቀው ሰው ክንድ፣ የማላውቀው ሰው ጉያ።

ፖሊስተር ነው ብዙው፤ በድሬ ቀትር ሲለበስ
ገላ ይዞ አይለቅም፣ አይተነፍስ፣ አያስተነፍስ፣
ሲቀደድም አይሞትም፤ መሬት ገብቶ አይበሰብስ።
ክረምት፣ ጎርፉ ሲያልፍ፣ ድልድዩ እግር ላይ ተጠምጥሞ
ያየሁት ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ቆሞ፣
የማን እንደሆነ አውቃለሁ።
እኔ ነኝ የሸጥኩት።

በየካቲት መጣች፣ የማዳበሪያ ከረጢት በትከሻዋ፣
የዳቦ ቤት ላስቲክ በእጇ፣ መነጽሯ ከነማሰሪያዋ፤
«ፍሬው ሊፈነዳ አንድ ቀን ሲቀረው ነው የሚቀጠፍ፤
ብትቀድም ጥሬ ነው፤ ብትዘገይ የነፋስ ትርፍ።»

እንዝርቱ ላይ ሲወጣ ክሩ አልያዝ አለ፣
እንደ ሐሰት ምስክር ከቃል ቃል እየዋለለ፤
አጭር፣ ለስላሳ፣ አንሸራታች፣ መጠምዘዝ የማይወድ፣
የሃያ ስድስት ዓመት ጣት ያላገኘው መንገድ።

በሦስተኛው ቀን ቤቷ ገባሁ፣ ላቤ እየወረደ፣
ሳላስብ ፋኑን ከፈትኩት።
የሳምንት ልፋት ነጎደ!
በጣሪያ፣ በሳህን ሩዝ ላይ፣ በጎረቤት ድመት ጆሮ፤
«አቦ! ደመና ነው እንዴ እቤት የሚገባው ዘንድሮ?»
አለች ረውዳ፣ ከጀጎል ተድራ የመጣች፣ ስፌት የምታውቀው፤
አንዷን ብናኝ በምራቋ አርሳ በጣቷ አሸችው።
«ሣሩም ሲደርቅ አኩራፊ ነው።
አርሺው። ብቻውንም አትተዪው።»

ሦስት እጅ ጥጥ፣ አንድ እጅ ጦቢያ።
እርጥብ ጣት።
ክሩ ያዘ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ።
አንበሳ አልነበረንም፤
ሽርጥ ነበር የፈለግነው።

ሰባት ሳምንት ፈጀ። አንድ ሽርጥ፣ ጠርዙ ትንሽ የተንሻፈፈ፣
የጦቢያዋ ክር በጥጡ መሀል እንደ ብር ያለፈ።
ቀትር ላይ አገለደምኩት። ነፋስ ገባ፣ ነፋስ ወጣ፤
ያን ሁሉ ዓመት ዝግ የነበረ ገላዬ መስኮት አወጣ።
«ሽጪው» አልኳት። «በምን ሒሳብ? ሰባት ሳምንት ለአንድ ወገብ!
ማሽኑን ሥራልኝ መጀመሪያ፤ ዋጋው ኋላ ይታሰብ።»

ከአሥር ፍሬ ሦስቱን አትነካም። «ለነፋስ ነው» ትላለች፣
«እሱም ዘሪ ነው፤ ደመወዝ አለው።»

ዛሬ ታይዋን ገበያ ቦንዳ ስፈታ
መፍቻዬ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ከስንት ዓመት በኋላ።
አንዲት ብናኝ ከደቻቱ ተነስታ
የናይለን ጃኬት እጅጌ ላይ አረፈች።
ገዢው ሊያራግፋት እጁን ሲሰነዝር ያዝኩት።
«ስንት ነው?» አለኝ።
ሦስት መቶ ብር አልኩት፣ ስለ ጃኬቱ።
ስለ እሷ ገና አላወቅሁም፤
እቤት ጥርሱ ያልገጠመ ማሽን ይጠብቀኛል።